ፋይሎቻችን በሙሉ ተቆልፈዋል፤ 15 ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ከየት ይጀምር?

ሂሳብ_ክፍል፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የአይቲ ሰው አይደለሁም፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው መርካቶ፣ የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው። ቢሮው ውስጥ ኮምፒውተር ነክ ነገር የሚሞክር ሌላ ሰው ስለሌለ ፕሪንተር እምቢ ሲል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ሁሉም የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

ያለን 11 ዴስክቶፕና 4 ላፕቶፕ ነው። ዴስክቶፖቹ አብዛኞቹ አገልግለው የመጡ ዴል ናቸው፣ ኮር አይ ፋይቭ አራተኛ ጄኔሬሽን። ሁሉም ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው፣ በክራክ (ያለ ላይሰንስ፣ ቁልፉ በተሰበረ ቅጂ) የተጫነ። ሰርቨር የምንለው የእኔኑ ማሽን ነው። የሂሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ እሱ ላይ አለ፤ ፎልደሩ ሼር ተደርጎ ሌሎቹ ሦስት የሂሳብ ማሽኖች ከዚያ ይከፍቱታል።

ባለፈው ሐሙስ አንዱ የሽያጭ ልጅ የአቅራቢያችንን ካታሎግ ላስተካክል ብሎ የፒዲኤፍ ፕሮግራም በክራክ አወረደ። መጫኛው አንቲቫይረሱን አጥፋ አለው፣ አጠፋው። ከሰዓት በኋላ ፒችትሪ አልከፍት አለኝ። ፎልደሩን ስከፍተው የሁሉም ፋይል ስም ጫፍ ላይ አራት የማላውቃቸው ፊደላት ተጨምረዋል። በየፎልደሩ ደግሞ ሪድሚ የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ካነጋገራችሁን 490 ዶላር፣ ካለፈ 980 ዶላር ይላል።

ባክአፕ ነበረን። ግን ኤክስተርናል ሀርድ ዲስኩ ከማሽኑ ላይ ተነቅሎ አያውቅም፣ እሱም አብሮ ተቆልፏል። ጥገና የሚሠራልን ልጅ ሁሉንም ፎርማት አድርጌ ልጫን ይላል። ጋሼ (ባለቤቱን የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ደግሞ እንክፈላቸውና እንገላገል ብለዋል። የግብር ማሳወቂያ ጊዜው ደርሷል፣ የምንዘጋው የዓመቱ ሂሳብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ።

አሁን ምን እናድርግ? ከዚህ ከወጣን በኋላስ ትልቅ ገንዘብ ሳናወጣ ይሄ ቢሮ እንዴት ይጠበቃል? እባካችሁ በሚገባኝ ቋንቋ።

ኔትወርክ_ሰው፦

አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ፎርማት የሚባለውን ነገር አስቁሚው። የተቆለፈው ፋይልና ሪድሚው በሌላ ሀርድ ዲስክ ላይ ተገልብጠው እስኪቀመጡ ድረስ ማንም ምንም እንዳይነካ። ዛሬ የማይፈታ ፋይል ከወራት በኋላ የሚፈታበት ጊዜ አለ፤ ፎርማት ከተደረገ ግን አለቀ።

የገለጽሽው ነገር፣ አራት ፊደል፣ ሪድሚ፣ 490 እና 980 ዶላር፣ ስቶፕ ወይም ዲጄቪዩ ከሚባለው የራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ቤተሰብ ጋር በደንብ ይገጥማል። ይሄኛው የሚታወቀው በክራክና በአክቲቬተር (ዊንዶውስን ያለ ላይሰንስ የሚያሠራ ፕሮግራም) ውስጥ ተደብቆ በመምጣት ነው። ሪድሚው መጨረሻ ላይ የግል መለያ የሚባል ረጅም ጽሑፍ አለ፣ እሱን እዪው። የሚያልቀው በቲ ፊደልና በ1 ቁጥር ከሆነ ቫይረሱ ከጌቶቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ስላልቻለ አብሮት በመጣ ቁልፍ ነው የቆለፈው ማለት ነው። ያ ቁልፍ ለብዙ ሰው አንድ ዓይነት ስለሆነ የመፈታት ተስፋ አለው። በሌላ የሚያልቅ ከሆነ ቁልፉ ለእናንተ ብቻ የተሠራ ነው፣ ያ ከባድ ነው። ኤምሲሶፍት የሚባለው ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የለቀቀው ነፃ መፍቻ አለ፣ እሱን ሞክሪ። ኖ ሞር ራንሰም የሚባለውም አለ፤ ዩሮፖልና የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከደህንነት ኩባንያዎች ጋር ሆነው በ2016 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ነው። የተቆለፈ ፋይል ስትሰጪው የትኛው ዓይነት እንደሆነና መፍቻ ካለው ይነግርሻል። ከነዚህ ውጪ "እኛ እንፈታለን" የሚል ቪዲዮ ስር የተለጠፈ ፕሮግራም እንዳታወርጂ። አንዳንዱ ራሱ ሌላ ቫይረስ ነው።

እነዚህ ገጾች አልከፈት ካሉሽ አትገረሚ። ይሄ ቫይረስ ሆስትስ የሚባለውን የዊንዶውስ ፋይል ቀይሮ የደህንነት ድረ ገጾችን ይዘጋል። ከስልክሽ ወይም ካልተነካ ማሽን ክፈቺው።

ስለ ክፍያው፣ እኔ አትክፈሉ ባይ ነኝ። ከፍለው ቁልፍ ያገኙ አሉ፣ ከፍለው ዝምታ የተመለሰላቸውም አሉ። ለጋሼ ንገሪልኝ፣ ያ ገንዘብ ሁለት ሀርድ ዲስክና የአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀን ሥራ ይከፍላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር። ዲጄቪዩ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ፓስወርድ የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራም አብሮት ይገባል፣ ክሮም ላይ "ሴቭ" የተደረገውን በሙሉ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ያ የሽያጭ ልጅ ማሽኑ ላይ ያስቀመጠው ፓስወርድ ሁሉ ዛሬውኑ ይቀየር። የድርጅቱ ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ የባንክ መግቢያ፣ ሁሉም። የሚቀየረውም ከንጹህ ማሽን ወይም ከስልክ ነው፤ ከዚያው ከተበከለው ላይ ከቀየራችሁት አዲሱንም ትሰጧቸዋላችሁ።

ለወደፊቱ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቀውን ላስቀድም። እርግጠኛ ነኝ ሁሉም ሠራተኛ የሚገባው በአድሚን አካውንት ነው። ይሄን ቀይሪው። ለሁሉም ስታንዳርድ (መብቱ የተገደበ) አካውንት ክፈቺ፣ የአድሚኑን ፓስወርድ አንቺና ጋሼ ብቻ ያዙት። ልጁ ያንን ፕሮግራም በስታንዳርድ አካውንት ቢጭን ኖሮ አንቲቫይረሱን ለማጥፋት የአድሚን ፓስወርድ ይጠየቅ ነበር፣ ያኔ አንቺ ጋ ይመጣል፣ ነገሩም እዚያው ይቆማል። አንቲቫይረስ ግዙ አልልሽም። ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ለእናንተ ይበቃል፤ ታምፐር ፕሮቴክሽን (ዲፌንደሩ እንዳይጠፋ የሚከላከለው) የሚለው በርቶ ይቆይ፣ ማንም አያጥፋው።

ሌላ አንድ ጥያቄ። ጥገና የሚሠራላችሁ ልጅ ከርቀት የሚገባበት ነገር አለ? አኒዴስክ ወይም ቲምቪወር? ካለ ፈልጊና አጥፊ። ቋሚ ፓስወርድ ተሰጥቶት የተተወ አኒዴስክ ብዙ ቢሮ አይቻለሁ፣ አንዳንዱን የጫነው ባለሙያ ከለቀቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ራውተሩ ላይም 3389 የሚባለው ፖርት (ከርቀት ወደ ዊንዶውስ የሚገባበት በር) ወደ ውስጥ ተከፍቶ ከሆነ ይዘጋ።

ፒችትሪ_15_ዓመት፦

እኔ ስለ ፒችትሪው ብቻ ልናገር፣ በእሱ ላይ ብዙ ተቃጥያለሁ።

ፒችትሪን በኔትወርክ የምትጠቀሙ ከሆነ የኩባንያው ፎልደር ላይ ሁሉም የሂሳብ ሰው የመጻፍ መብት ሊኖረው ግድ ነው፣ ካልሆነ አይከፍትም። ግን የሽያጭ ልጁ ማሽን ያንን ፎልደር ለምን ያያል? ችግራችሁ እዚህ ጋ ነው። ሼር ስታደርጊ "ኤቭሪዋን" የሚለው ተመርጧል፣ አብዛኛው ቢሮ እንደዛ ነው የሚያደርገው። ለሂሳብ ሠራተኞቹ ለእያንዳንዳቸው በሰርቨሩ ላይ አካውንት ከፍተሽ ለእነሱ ብቻ ፍቀጂ። ያም ሆኖ ከአራቱ የሂሳብ ማሽኖች አንዱ ከተበከለ ያው ነው። ስለዚህ የሚያድነው ባክአፕ ነው፣ እሱም ከማሽኑ ተነቅሎ የተቀመጠ።

ባክአፕ ስትወስጂ ደግሞ ፎልደሩን ኮፒ ፔስት አታድርጊ። ሌላው ሰው ፒችትሪን ከፍቶ እየሠራ ፎልደሩ ከተገለበጠ ግማሹ አዲስ ግማሹ አሮጌ የሆነ ዳታ ነው የምትይዢው፣ የምታውቂው ደግሞ መመለስ ያስፈለገሽ ቀን ነው። ሁሉም ይውጡ፣ ከዚያ ፒችትሪ ውስጥ ካለው ባክአፕ የሚል ትዕዛዝ ውሰጂ። በፒቲቢ የሚያልቅ አንድ ፋይል ይሰጥሻል። የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ጻፊ፣ የትናንቱ ላይ አትደርቢበት።

ሁለት ሀርድ ዲስክ ግዙ። አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ጋሼ ቤት። በየሳምንቱ ቅዳሜ ይቀያየሩ። የተሰካው ዲስክ ባክአፑ እንዳለቀ ይነቀል፣ መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበት። ጋሼ ጋ የሚሄደው ቢጠፋ የድርጅቱ ሚስጥር በሙሉ አብሮ እንዳይጠፋ በቢትሎከር (የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) ይቆለፍ፤ መክፈቻ ቁልፉ ወረቀት ላይ ታትሞ ካዝና ውስጥ ይግባ።

ዩፒኤስም (መብራት ሲሄድ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው) አለሽ? ሰርቨሩ ያለ ዩፒኤስ ከሆነ አንድ ቀን መብራት ሲሄድ ያለ ምንም ቫይረስ ዳታው ይበላሻል። ዩፒኤስ ኖሮም ባትሪው ሞቶ የሚጮህ ብቻ የሆነ ስንት ቢሮ አለ። ሶኬቱን ነቅለሽ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ለኪው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢ። የውጭ ኦዲተር አላችሁ? ኦዲተሮች ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት የፒችትሪ ባክአፕ ነው። ሰጥተሽ ከነበረ እነሱ ላፕቶፕ ላይ ይኖራል።

ሂሳብ_ክፍል፦

ኦዲተሩ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጨርሶ ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር። መስከረም ላይ በፍላሽ ወስደዋል። አሁኑኑ እደውላለሁ።

መለያውን አየሁት፣ በቲ እና በ1 አያልቅም። አኒዴስክም አራት ማሽን ላይ አገኘሁ፣ አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት ያሠራነው ልጅ የጫነው ነው። አጠፋሁት።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ሰላም። እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ የአንድ ሕክምና ቢሮ አይቲ እደግፋለሁ። ወንድሜ አዲስ አበባ አስመጪ ስለሆነ የእናንተን ሁኔታ በስልክ አውቀዋለሁ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው።

እናንተ አስመጪ ናችሁ። ፓስወርድ ተሰርቆ ከሆነ ከተቆለፈው ፋይል በላይ የሚያስፈራኝ ኢሜይሉ ነው። ሌባው ኢሜይል ውስጥ ገብቶ ምንም አይነካም፣ ያነባል። ከቻይናው አቅራቢ ጋር ስለ ፕሮፎርማ ስትነጋገሩ፣ ዋጋ ስትጨርሱ፣ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሲፈቅድ ሁሉንም ይከታተላል። ልትልኩ ስትሉ በአቅራቢው ስም "የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፣ በዚህ ላኩ" የሚል ደብዳቤ ይመጣል። አርማው ያው፣ ፊርማው ያው፣ አድራሻው ላይ አንድ ፊደል ብቻ የተለየ። ወንድሜን እንዲህ ሊበሉት ነበር። ወራት ጠብቆ ያገኘው ምንዛሪ ነበር። ያዳነው ቻይናዊውን በዊቻት ደውሎ "ሂሳብ ቀይራችኋል እንዴ?" ብሎ መጠየቁ ነው። ሰውየው ምንም አያውቅም።

ስለዚህ የሂሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ብቻ አይታመንም። በፊት በምታውቁት ስልክ ወይም በቪዲዮ ይደወላል፣ ደብዳቤው ላይ ባለው አዲስ ቁጥር አይደወልም። ይሄን ጋሼ ራሳቸው ትዕዛዝ አድርገው ይስጡት፤ ሠራተኛው ቀጥ ብሎ "አቅራቢውን ሳልደውል አልልክም" ለማለት ድጋፍ ያስፈልገዋል።

አሁን ጂሜይል ከሆነ የምትጠቀሙት፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ፎርዋርዲንግና ፊልተር የሚሉትን እዪ። ወደማታውቂው አድራሻ የሚልክ ነገር ካለ ሰውዬው ገብቷል ማለት ነው። ፓስወርድ ብትቀይሪም ያ ፎርዋርድ ካልጠፋ ደብዳቤው ይደርሰዋል። ከዚያ ከሁሉም ዲቫይስ አስወጪ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሪ። ጎግል 10 መጠባበቂያ ኮድ ይሰጥሻል፣ አትሚውና ካዝና ውስጥ አስቀምጪ፣ ስልክ የጠፋ ቀን ትፈልጊዋለሽ።

አንድ ጂሜይል ለአምስት ሰው መጠቀምም ይቁም። ማን ምን እንደላከ አይታወቅም፣ አንዱ ሲለቅ ደግሞ ፓስወርዱን ይዞ ይሄዳል። ቴሌግራምም ያው ነው፤ ሰው ሲለቅ ከግሩፕ ማውጣት ብቻ አይበቃም፣ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ የድርጅት ቴሌግራም ካለ ዲቫይስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የማታውቁትን ሁሉ ዝጉ። አንድ ኤክሴል ክፈቺ፤ እያንዳንዱ ማሽን፣ ሲሪያል ቁጥሩ፣ ማን እጅ እንዳለ፣ ማን ምን አካውንት እንዳለው። ሠራተኛ ሲለቅ ክሊራንስ ወረቀቱ ላይ የአንቺም ፊርማ ይኑር፣ ላፕቶፑን ሳይመልስና አካውንቱ ሳይዘጋ አይፈረምለት።

ሊኑክስ_ወዳጅ፦

ዋናው በሽታ ክራኩ ነው። ሁሉንም ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው) ቀይሩና ተገላገሉ። ነፃ ነው፣ ይሄ ዓይነት ቫይረስ አይነካውም።

ኔትወርክ_ሰው፦

@ሊኑክስ_ወዳጅ፣ ግማሹ እውነት ነው። ግን ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ በደንብ አይሠራም፣ የሂሳብ ክፍሉን እዚያ መውሰድ ሥራ ማቆም ነው። ብሮውዘርና ኤክሴል ብቻ ለሚጠቀም ማሽን ግን ጥሩ ሐሳብ ነው፣ የመጋዘኑን ማሽን ለምሳሌ።

ዊንዶውስ 10 ራሱ ጊዜው አልፏል። ማይክሮሶፍት ነፃ የደህንነት ማስተካከያ (አፕዴት) መስጠት ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ይሄ ዝም ብሎ ሽያጭ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የሚባለው ራንሰምዌር ዓለምን ሲያምስ፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አፕዴቱን ባለሙያው ራሱ ነው የሚዘጋው፣ ክራኩ እንዳይወድቅበት።

የእናንተ አራተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፤ ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያለ ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። ለዊንዶውስ 10 ተጨማሪ ማስተካከያ ለድርጅት ይሸጣል፣ የመጀመሪያው ዓመት በአንድ ማሽን 61 ዶላር ነው፣ በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ለአሮጌ ማሽን ያንን መክፈል አልመክርም። 15ቱንም ባንዴ ቀይሩም አልልም። መጀመሪያ ሰርቨር የምትሉት ይቀየር፣ ላይሰንስ ያለው ዊንዶውስ 11 ፕሮ ይሁን፣ ማንም ኢሜይል አይክፈትበት፣ ፍላሽ አይሰካበት። ቀጥሎ ባንክና ኢሜይል የሚሠራበት። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

እንግዳ ሲመጣ የሚሰጠው ዋይፋይም ከቢሮው የተለየ ይሁን። ራውተሩ ላይ ጌስት የሚል አለ፣ አምስት ደቂቃ ነው። ራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የአድሚን ፓስወርድም ቀይሪው።

ሂሳብ_ክፍል፦

ተመልሼ መጣሁ። ኦዲተሩ ጋ ተገኘ! የመስከረም 20 ባክአፕ ነው። አንዱን ላፕቶፕ እንደ አዲስ ጭነን፣ ምንም ኔትወርክ ሳንሰካ መለስነው፣ ከፈተ። ትራያል ባላንሱን (የሁሉንም ሂሳብ ቀሪ የሚያሳየውን ዝርዝር) አትሜ ለኦዲተሩ ካተምኩት ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት፣ ሳንቲም አልጎደለም። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበር፣ ክፍያውን ትተውታል።

ጂሜይሉ ላይ ፎርዋርድ አላገኘሁም። ግን ከማናውቀው ቦታ የተገባ አንድ ዲቫይስ ነበር። አስወጣነው፣ ፓስወርዱን ቀየርን፣ ለቻይናዎቹ ጋሼ ራሳቸው ደውለው "ሂሳብ ቁጥር ተቀየረ የሚል ነገር ከመጣ በድምፅ ሳንነጋገር አንቀበልም፣ እናንተም ከእኛ አትቀበሉ" አሏቸው። የሽያጭ ልጁ በጣም አዝኖ ነበር። ማንም አልቆጣውም፣ መጀመሪያ የመጣው እሱ ራሱ ነው "እኔ ነኝ ያወረድኩት" ብሎ፣ ያ ባይሆን የቱን ማሽን እንደምንነቅል አናውቅም ነበር። አሁን አካውንቶቹን ወደ ስታንዳርድ ስቀይር አብሮኝ እየሠራ ነው፣ 9 ማሽን ጨርሰናል።

የተቆለፈውን ፋይል ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ። ሁለት ሀርድ ዲስክ ተገዝቷል። ዩፒኤሱን ነቅዬ ለካሁት፣ ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ባትሪው ይቀየራል።

የቀረኝ ከመስከረም 21 ወዲህ ያለው ሥራ ነው። ቫውቸሩ በወረቀት በሙሉ አለ፣ ደረሰኙም አለ። ሁለት ሰው ሆነን እንደ አዲስ ልናስገባ ነው። በቀን ቅደም ተከተል ይሻላል ወይስ መጀመሪያ ግዢውን ከዚያ ሽያጩን?

ፒችትሪ_15_ዓመት፦

እሰይ! በቀን ቅደም ተከተል አስገቡት። ግዢው ለብቻው ከገባ የዕቃው ወጪ ይዛባብሻል፣ ስቶኩም ከቢን ካርዱ (የመጋዘኑ የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ) ጋር አይገጥምም። አንዷ ታስገባ፣ ሌላዋ ቫውቸሩ ላይ ምልክት ታድርግ። መስከረም 30 ላይ ስትደርሱ ቁሙና የባንክ ሂሳቡን አስታርቁ፣ ካልገጠመ ወደ ጥቅምት አትለፉ። በየቀኑ ስትጨርሱ ሁለታችሁም ውጡና ባክአፕ ውሰዱ፣ ዲስኩን ንቀሉት።